ከበሮና የሚዙሪው ሰውዬ

ማክሰኞ፣ መስከረም 14

የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ኦፓል ናት። ኦፓል የሟች ወንድሜ ሚስት ናት፤ ከወንዙ ማዶ ትኖራለች። እኔ ሆበርት ቫርኒ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤቱ ከሸንተረሩ ወዲያ ነበር፣ የከሰል ማውጫው ከሸንተረሩ ወዲህ። ወዲህ ቀረሁ። ዕድሜዬን ከከሰል መቁረጫው ማሽን አጠገብ ቆሜ ጨረስኩ።

ይህን ደብተር ያስጀመረችኝ በየሐሙሱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እየመጣች በነፃ የሕግ ምክር የምትሰጠው ጠበቃ ናት። «አቶ ቫርኒ፣ ስለ ቡችላው ያዩትን ሁሉ ያስጽፉ፤ ፍርድ ቤት የተጻፈ ይወዳል» ብላለች። እንዲህ ማለቷን የነገረችኝ ኦፓል ናት። ጠበቃዋ ጥሩ ልጅ ናት፤ አፏን ከፍታ አታወራም እንጂ። የዛሬ ልጆች ሁሉ ቃሉን ጥርሳቸው ውስጥ ነው የሚያኝኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደወል የምትባለው ውሻዬ ፋሲካ ሰሞን ሞተች። ራኩን አዳኝ ነበረች። ያንን ዓይኑን በጥላሸት የኳለ የሚመስለውን የዛፍ ሌባ አሳድዳ ዛፍ ላይ ካወጣችው በኋላ ሥሩ ቆማ ስትጮኽ፣ እኔ ከሸንተረሩ ወዲህ ተቀምጬ የትኛው ዛፍ እንደሆነ እናገር ነበር። እኛ አገር ውሻ የሚመዘነው በድምፁ ነው። ስለ መልኩ የሚያወራ ሰው ከከተማ የመጣ ነው። በመጨረሻው ክረምቷ ግን የደወል ድምፅ ጠፋ። ጎረቤቴ ዶይል «ኧረ እንደ ድሮዋ ነው የምትጮኸው» ይል ነበር። ዶይል ስለ ውሻ ምን ያውቃል!

እናም ድምፁ ተራራ የሚሰነጥቅ ቡችላ ፈለግሁ። ኦፓል በኮምፒውተሯ ስታስስ ሩቅ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ካይዘር የሚባል ውሻ አርቢ አገኘች። ሰውየው ፎቶ ደረደረልን። «ዝጊው» አልኳት። «የእናትየዋን ድምፅ ያሰማኝ።» አሰማኝ። ማጉያውን እስከ ጥጉ ከፍታ፣ እኔ ጆሮዬን ለጥፌበት፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ጌታ ሆይ! ደረቴ ውስጥ ገብቶ ነው የጮኸው። «ቡችላውም ቁርጥ እናቱን ነው፤ ለአደን ዋስትና እሰጣለሁ» አለ። ዓሣ የማላጠምድበትን ጀልባ ሸጥኩና ከፈልኩ። ሳላየው። እዚህ ውሻ በዓይኑ የገዛ ሰው መሳቂያ ነው።

ቡችላው በመኪና ተጭኖ መጣ። ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ ከበሮ ብዬ ስም አወጣሁለት።

ከበሮ ደንቆሮ ነው። ምንም አይሰማም።

ረቡዕ፣ መስከረም 15

ጠበቃዋ እንዴት እንዳወቅን ስለጠየቀች ይጻፍ። ኦፓል ባቄላ ስትቀቅል የድስቱ ክዳን ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ቡችላው ምድጃው አጠገብ ተኝቶ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። ትከሻዬን ነካችኝ።

«ሆበርት፣ ይሄ ውሻ አልሰማም።»

«ምኑን?»

«ክዳኑን ነዋ! አንተም እኮ ዞር አላልክም።»

እኔ ክዳን በወደቀ ቁጥር የምዘል ድመት ነኝ? ይህን አትጻፊው ብያት ነበር። ጻፈችው።

እሑድ፣ መስከረም 19

ዝናብ። ሰባኪው ዛሬም ለገዛ ጢሙ ሰብኮ ወረደ። ቡችላው በላ፣ ተኛ፣ የግራ ጫማዬን በላ። አይጮኽም። ከመጣ ጀምሮ አንዲት ጊዜ እንኳ አልጮኸም።

ሰኞ፣ መስከረም 20

ለካይዘር ደወልን። ስልኩ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ሰውየው ከበርሜል ውስጥ ያወራል። ስለዚህ ኦፓል አወራችው፤ ያለውን በኋላ ነገረችኝ።

«ደንቆሮ? እኔ ጋ እያለ ይሰማ ነበር» አለ። «ሽማግሌው አጠገቡ ጠመንጃ ተኩሶበት ይሆናል።»

«ወተት ያልጠገበ ቡችላ አጠገብ ማን ይተኩሳል?»

«እንግዲያው በራሳችሁ ወጪ መልሱት፤ ሌላ እልካለሁ።»

«ይሄኛውስ ምን ይሆናል?»

«ይሄኛው የኔ ጉዳይ ነው፣ እሜቴ። የቤቴን ስም ይዞ ደንቆሮ ውሻ አገር ለአገር እንዲዞር አልፈልግም።»

እራት ላይ ደግሞ በኦፓል ስልክ መልእክት ላከ። እንዲህ ይላል፦ «ደንቆሮ አዳኝ ውሻ ዋጋው ባዶ ነው። የአንድ ጥይት ጉዳይ ነው። መልሱት።» አንዴ አነበበችልኝ፤ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችልኝ። ቡችላው እግሬ ላይ ተኝቶ ነበር። ለሱስ ደግ ሆነለት፣ አልሰማ።

እዚህ ላይ አስምሪበት ኦፓል፦ ለቡችላው ብዬ አይደለም። ውሻ ውሻ ነው። ሰውየው ዋሽቶኛል፤ ነገሩ እሱ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 23

ጠበቃዋ ጋ ሄድን። ዛሬ ከፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ፊት ለፊት ሲሆን ደህና ታወራለች።

«አቶ ቫርኒ፣ በሕግ ዓይን ውሻ ዕቃ ነው። ልክ እንደ ምድጃ።»

«ምድጃ ጫማ አይበላም» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ አስረዳችን። አንዳንዱ ግዛት ለታመመ ቡችላ የተለየ ሕግ አለው፤ የኛ የለውም። ቢሆንም ዕቃ ሲሸጥ ለዚህ ሥራ ይሆናል ብሎ ቃል የሰጠ ሰው ቃሉ ይይዘዋል። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ዕቃውን መልሶ ገንዘብን መቀበል። ሁለተኛው ዕቃውን አስቀርቶ፣ ደህና ቢሆን ያወጣ በነበረውና አሁን በሚያወጣው መካከል ያለውን ልዩነት መጠየቅ።

«የመጀመሪያው መንገድ መጨረሻው ላይ ጥይት አለ» አልኩ። «ሁለተኛውን።»

«ከባዱ ሌላ ነው» አለች። «ቡችላው የመጣበት ሳጥን ላይ የተለጠፈው የካይዘር ወረቀት ክርክር ከተነሣ የሚታየው ሚዙሪ ነው ይላል።»

እኔ ሚዙሪ? እኔ ሬቫን ለማግባት ከሸንተረሩ ወዲያ ስሻገር እንኳ እናቴ አልቅሳለች። ሬቫ ሚስቴ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» አልኳት። «የሚበላው እዚህ ነው። ክሱም እዚህ ይጮኻል።»

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህችን ለዳኛው ይንገሩልኝ» አለች። ወረቀቱ የመጣው ከከፈልን በኋላ መሆኑን ስትሰማ ደግሞ ይበልጥ ደስ አላት።

ዓርብ፣ መስከረም 24

ክሱን አስገባን። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ የምታወራው ከጠረጴዛዋ ጋር ነው። ቅጹን ኦፓል ሞላች፤ ስሜን እኔ ፈረምኩ። ስሜን መጻፍ ሬቫ አስተምራኛለች። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ኋላዬ የተሰለፉት ይጠብቁ።

ለካይዘር መጥሪያው በአደራ ደብዳቤ ሄደ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 28

ዶይል ማታ ማታ ውሾቹን ጭኖ በደጄ ያልፋል። ድሮ ቆሞ የመኪናውን ጥሩምባ ይነፋልኝ ነበር። ዘንድሮ አንድ ቀን አልነፋም። ኦፓል «ሁልጊዜ ይነፋል» ትላለች። ለዶይል አዝናለችና ነው የምትሸፍንለት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሳልመንስ ቡችላውን አስይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ላከችን። እሷም መጣች። ዶክተሯ የከብት አርቢ ልጅ ናት፤ አባቷን አውቀዋለሁ። ራሱ ላይ ሽቦ ለጣጠፉበት፤ ማሽኑ ጆሮው ውስጥ ይጮኻል፣ አንጎሉ ሰምቶ እንደሆነ በመስመር ያሳያል። የሚሰማ ውሻ መስመሩ ተራራ ይመስላል አሉ። የከበሮ መስመር እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። በሁለቱም ጆሮ። ከተወለደ ጀምሮ ነው፤ የተኮሰበት የለም። ይህ ሁሉ ተጽፎ ተፈርሞ ተሰጥቶናል። ካይዘር ይብላው!

ስንወጣ ዶክተሯ ክንዴን ያዘችኝ። «አባባ ሆበርት፣ የሰው ጆሮ የሚመረምሩበት ክፍል እዚህ ጎን ነው እኮ። መጥተው ሳለ ለምን...»

«የታመመው ውሻው ነው» አልኳት።

ኦፓል መኪና ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ወይም ተንፍሳ ይሆናል፤ ሞተሩ ይጮኻል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ይህን ማስጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ኦፓል ካልጻፍኩ ሌላም አልጽፍ አለች።

ጠዋት ከበሮ ከግቢ ወጣ። ተከተልኩት። መንገዱ መሀል የሞተ እንቁራሪት እያሸተተ ነበር። ጠራሁት፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራሁት። ጀርባው ለኔ ነው። ደርሼ ጎንበስ ብዬ አንገቱን ያዝኩ። ቀና ስል የከሰል መኪና ጀርባዬ ላይ ቆሟል፤ አፍንጫው ሊነካኝ ደርሷል፣ ሹፌሩ እጁን እያወናጨፈ።

«ለምን ጥሩምባ አትነፋም!» ብዬ ጮህኩበት።

ኦፓል ከማዶ ሮጣ መጣች፤ ሊጡ እጇ ላይ። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«ሆበርት፣ ከድልድዩ ጀምሮ እየነፋ ነው የመጣው። እኔ ወጥ ቤቴ ሆኜ ሰማሁት።»

«ዋሽተሻል።»

«እንግዲያስ ዋሽቻለሁ» አለችና መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለውሻው ነው ያለቀሰችው። ሴት ለቡችላ ታለቅሳለች።

ከዛሬ ጀምሮ በገመድ ነው የሚሄደው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አንድ ነገር አገኘሁ። በረንዳው ጣውላ ነው። በተረከዜ ሁለት ጊዜ ስመታው ከበሮ ከወዲያኛው ጫፍ ይዞራል። በሆዱ ነው የሚሰማው፣ በመዳፉ። አንድ ምት «ቁጭ»፣ ሁለት ምት «ና»። ከግቢ ውጪ ከሆነ በእጅ። መዳፌን ደረቴ ላይ ሳደርግ እየበረረ ይመጣል። ሰው ድልድዩን ሲሻገር ደግሞ ከኔ በፊት ተነሥቶ አፍንጫውን ጉልበቴ ላይ ያደርጋል። ሰው መጣ ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ውሻ አላየሁም።

ለክሱ ይጠቅማል ብዬ ነው ያስጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ካይዘር መለሰ። «ጉዳዩ ሚዙሪ ይታይልኝ፤ ካልሆነም ቡችላው ይመለስልኝና ገንዘቡን ልስጥ» ብሏል። ጠበቃዋ «ዳኛው ሁለተኛውን ሐሳብ ሊወደው ይችላል፤ ንጹሕ ነው፣ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል» አለች።

ከበሮ ወዴት ነው የሚመለሰው? ይህን ጠየቅኳት። ዝም አለች። ይህኛው ዝምታ እውነተኛ ነበር፤ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

ኅዳር መጀመሪያ። ቀኑን ኦፓል ረስታዋለች።

ውርጭ። አልበላልኝም። ቡችላው የኔንም በላ። ደህና ከርሟል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ዛሬ ብዙ ትጽፊያለሽ፤ ተቀመጪ።

የአጋዘን አደን ሳምንት ነው፤ አገሩ በሙሉ ጫካ ገብቷል። ዳኛውም ከካባው ሥር የአደን ቦት ጫማ ተጫምቷል፤ ቶሎ ሊጨርስ ቸኩሏል። ድሮ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳ ነበርና ድምፅ አለው። ከሱ አንድ ቃል አላመለጠኝም።

ካይዘር ግድግዳው ላይ በስክሪን መጣ። ወፍራም አንገት፣ ቀጭን ከንፈር። ገና ሳይጠየቅ ወረቀቱን እያነሣ ሚዙሪ፣ ሚዙሪ አለ።

ዳኛው ወደኔ ዞረ። «አቶ ቫርኒ፣ ይህን ወረቀት መቼ አዩት?»

«ቡችላው ሲመጣ። ሳጥኑ ላይ ተለጥፎ። ግማሹን ቡችላው በልቶት ነበር።»

ሰው ሳቀ። ያኔ ውሻ በበላበት ይጮኻል ያልኩትን ለሱም ደገምኩለት። ዳኛው አገጩን አሻሸ። «ከተከፈለ በኋላ የተለጠፈ ቃል ውል አይሆንም» አለው ለካይዘር። «ድምፅ እያሰማህ እዚህ ድረስ ሸጥክ፣ እዚህ ድረስ ላክህ፤ እዚሁ ትመልሳለህ።»

ኦፓል የዶክተሯን ወረቀት ሰጠች። ካይዘር ቀጭን ከንፈሩን ከፍቶ አንድ ነገር አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ኦፓልን ምን አለ ብላት ራሷን ነቀነቀች። ነገሩን የነገረችኝ ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። «የማይሰማው ውሻው ነው ወይስ ሽማግሌው?» ነበር ያለው። እዚያው ነግራኝ ቢሆን ስክሪኑ ዛሬ አይኖርም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ዳኛውን ግን ሰማሁት፤ «ምርመራው የውሻው ነው፤ አፍህን ሰብስብ» አለው።

ከዚያ ኦፓል ያንን የጥይቱን መልእክት አነበበች።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለ ዳኛው።

«አዎ ክቡር ዳኛ። እውነት ነው። ደንቆሮ አዳኝ ምንም አያወጣም። ስለዚህ ነው መልሱልኝ ያልኩት።»

ዳኛው እስክሪብቶውን አነሣ። «ለአደን ብለህ ሸጥክ። በገዛ አፍህ ደግሞ ዋጋው ባዶ ነው አልክ። ልዩነቱ የከፈሉት በሙሉ ነው ማለት ነው። ቡችላውም ከአቶ ቫርኒ ጋር ይቀራል።»

የካይዘር አፍ ተከፍቶ ቀረ። ኦፓል እጄን ጨበጠችኝ። ጨርሰን ነበር። ዳኛው ለደንቡ ያህል ወደኔ ዞሮ «አቶ ቫርኒ፣ ይስማማሉ? ውሻው ምንም ዋጋ የለውም?» አለኝ።

አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረው። ኦፓል አዎ እንድል እግሬን ረገጠችኝ፤ በቦት ጫማ።

ተነሣሁ።

«በሕግ አምላክ!» አልኩ። «ምንም አያወጣም ያለው ማነው? ይሄ ውሻ ሰው ድልድዩን ሳይሻገር ያውቃል። በተረከዜ ስጠራው ይመጣል። እጄን እዚህ ሳደርግ ይመጣል፤ ዶይል አምስት ውሻ አለው፣ አንዱም እንደዚያ አይመጣም። አይሰማም፤ እና? ያልሰማ ሁሉ ዋጋ የለውም? ያልሰማ ሁሉ በጥይት ይገላገል? ዕድሜውን ሙሉ ማሽን ሥር...» ማሽን ለምን እንዳነሣሁ አላውቅም። ውሻው ማሽን አያውቅም። ቁጭ አልኩ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ እንኳ አወቅሁት።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። «አቶ ቫርኒ፣ በደንብ ያስቡ። ካሳ የምሰጠው ጉዳት ካለ ነው። ጉዳት አለ ወይስ የለም?»

«ውሸት አለ» አልኩ። «ውሻው ላይ ጉድለት የለም።»

ዳኛው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ፈረደ። ካይዘር የሐኪሙንና የምርመራውን ወጪ ይክፈል። የሸጠበት ቃል ሐሰት መሆኑ በመዝገብ ይጻፍ። ቡችላው የሆበርት ቫርኒ ነው፤ ማንም መልሱ ሊለው አይችልም። የግዢውን ዋጋ ግን ባለቤቱ ራሱ ውሻዬ ከዚያ በላይ ያወጣል ስላለ ፍርድ ቤቱ አያስመልስም።

በሩ ላይ ኦፓል ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለች። «ደንቆሮ ማለት አንተ ነህ! እጃችን የገባውን! ጀልባህን እኮ በላኸው!»

«ጀልባው ያፈስ ነበር» አልኳት።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ኦፓል አልመጣችም።

(ይህን የጻፍኩት ቅዳሜ ነው። ዓርብ እንዳልመጣሁ ጻፊ ስላለኝ። ኦፓል)

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ጠበቃዋ ፍርዱን ወደ ሚዙሪ ላከችው። እዚያ ያለ ፍርድ ቤት መዝግቦት ነው ካይዘር ላይ የሚያስፈጽመው። ይቆያል አለች። ይቆይ። ወረቀት ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፤ ቁርጥማት ግን የለበትም። ካልከፈለ ሌላ ወረቀት አስልካለሁ። እኔ ሥራ ፈት ነኝ።

ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ በረንዳው ላይ ነበርን፤ እኔ፣ ኦፓል፣ ከበሮ። ኦፓል በቆሎ ዳቦ ይዛ መጥታለች፤ ታርቀናል ማለት ነው፣ አላልንም እንጂ። ዶይል ውሾቹን ጭኖ ወደ ሸንተረሩ ሲወጣ የመኪናው መብራት ግድግዳችንን ጠረገው። ከበሮ ተነሣ። አራቱን እግሩን ጣውላው ላይ ተከለ፣ አንገቱን ሰቀለ፣ አፉን ከፈተ።

ጮኸ።

ዳቦው ከኦፓል እጅ ወደቀ። ዶይል መኪናውን አቁሞ ወረደ። ደጁ ድረስ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመና በጩኸት «ሆበርት! አንተ ሽማግሌ፣ አሳማ ነው የምታርደው?» አለኝ።

«ውሻዬ ነው።»

«ምስማር የመታ መጋዝ ነው እንጂ! እንዲህ የከፋ ድምፅ በዕድሜዬ አልሰማሁም!»

«ቅናት ነው» አልኩት። «ነገ ይዤው እመጣለሁ። የኋላው ወንበር ላይ ቦታ አብጅ።»

«ራኩኑ ሁሉ አገር ጥሎ ይሰደዳል» አለ እየሳቀ። ግን እሺ አለ። ከንፈሩን አይቻለሁ።

ከበሮ አላቆመም። የራሱን ጩኸት አያውቀውም፣ ማን ያቁመው? እጄን ጎኑ ላይ ሳደርግ የጎድን አጥንቱ እንደ ማሽን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን በእጄ ብቻ አልነበረም። ከእጄ አልፎ፣ ከክንዴ አልፎ፣ ከላይ፣ ጆሮዬ ውስጥ። ኮምፒውተሩ ላይ የሰማሁት የእናቱ ድምፅ አይደለም። ያ ውሸት ነበር። ይሄ የራሱ ነው።

«ሰማሁት» አልኳት ኦፓልን።

ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ነበርና አልሰማችኝም። እጇን ከጆሮዋ ላይ አነሣሁና ደገምኩላት።

«ሰማሁት ብዬሻለሁ። ጻፊው።»